ከተፈቀደው በላይ አንዲት ዳክዬ

ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ሸዋንግዛው፣ ዝዋይ

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ታገሠልዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ጀርባ ያለውን መኪና ማቆሚያ ዛሬም የምጠብቀው እኔው ነኝ። «ስልክ ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው፤ የልብህን በወረቀት ጻፍልኝ» ስላሉኝ ይኸው እጄን እያፍታታሁ እጽፋለሁ። ልጄ ናዝራዊት እርስዎ ቤት ስለሆነች ደብዳቤው ለሁለታችሁም ነው። አንብባችሁ ሳቁብኝ።

የምነግርዎ ነገር አለ። ሃያ ሰባት ዓመት የዱር አራዊት ጠባቂ ስለነበሩ ከማንም ይልቅ ለእርስዎ ይገባዎታል። ሐሙስ ሐሙስ ምግብ ቤታችን የሚመጣ ሚስተር ዌስሊ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። በርባንክ ከተማ ፊልም የሚሠራበት ግቢ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አናጺ ነበር። ዳክዬ አዳኝ ነው። ዓይኑ ስለደከመ በጨለማ መንዳት ፈራና «አንተ ንዳልኝ» አለኝ። ለመንዳት ብቻ ሄድኩ።

ሦስት ሰዓት ነድተን አንድ ረግረግ ደረስን። ሽማግሌው በገዛ እጁ የጠረባቸውን የእንጨት ዳክዬዎች ውሃው ላይ አሰማራና ሸምበቆ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። እውነተኞቹ እነዚያን አይተው እንዲወርዱ ነው። ሰማዩ መንጣት ሲጀምር ከወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ ዝናብ መጣ ብዬ ነበር። ጋሼ፣ ወፍ ነው! ስንት ሺህ እንደሆነ አላውቅም፤ ባንድ ጊዜ ተነስቶ ሰማዩን ሸፈነው። የክንፋቸው ነፋስ ፊቴ ላይ ደረሰ። ቆቤን አወለቅሁ። እጄ ብቻውን ነው የሄደው።

የባሰ ያስገረመኝ ግን ሽማግሌው ነው። ወፉ ሁሉ በላያችን ሲያልፍ እሱ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሰዓቱን ያያል። «ሕጉ የሚፈቅደው ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» አለኝ። ማንም የለም እኮ! ከሞላ በኋላም ሩቅ ባለችው ላይ አይተኩስም፤ «አቁስዬ ነው የምሰዳት» ይላል። ውሃ ላይ በተቀመጠችው ላይም አይተኩስም፤ ትነሳና ዕድሏን ትሞክር ነው ነገሩ። የወደቀችውን ፈልገህ ሳታገኝ ወደ ቤት አትሄድም። ያገኘኸውን ትበላለህ፤ ካልበላህ ለሚበላ ትሰጣለህ። ቁጥሩም በየዓይነቱ ተለክቶ የተሰጠ ነው፤ ጅራተ ሹሏን ዳክዬ ዘንድሮ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ በላይ መግደል ክልክል ነው።

እኔም ትምህርቱን ወስጄ ፈቃድ አወጣሁ። የዜግነት ቃለ መጠይቄ ፌብሩዋሪ 27 ነው። ናዝራዊት ግንቦት ውስጥ ሃያ አንድ ሳይሞላት ቃለ መሐላ ከፈጸምኩ ዓመት ሳይሞላ ትመጣለች። ካለፈ ግን ወደ አዋቂዎቹ ሰልፍ ትዛወራለች፤ እሱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ጸሎትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ወንድይፍራው


ዝዋይ፣ ኅዳር 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለወንድይፍራው

ባለህበት አገር ሁሉ አምላክ ቀድሞህ ይግባ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ አልታገሠልኝም፤ ጠይቀሃልና ልንገርህ ብዬ ነው።

ዳክዬ ልትበላ ነው እንዴ አንተ ሰው? አባትህ ይህን ሳይሰማ በማረፉ ዕድለኛ ነው። ናዝራዊት «ጾም ገብቷል፤ ቢፈልግም አይበላም» ብላ ጠበቃ ቆማልሃለች።

ቀልዱን ልተወውና፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ቆብህን ያወለቅህበትን ቦታማ አራተኛም አስደገምኳት። በነጋታው በትሬን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጅራተ ሹሏ እኛም ጋ አለች፤ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ከብርድ አገር መጥታ ደንገሉ ሥር ትሰፍራለች። ሃያ ሰባት ዓመት ስጠብቃት ከየት እንደምትመጣ አስቤ አላውቅም ነበር። ዘመዶቿ አንተ ደጅ መሆናቸውን ስሰማ ገረመኝ። የፈጣሪ ሥራ መቼም አያልቅም።

ሽማግሌህን ወድጄዋለሁ። የሁለት ደቂቃውን ነገር ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ፤ ያመነኝ የለም። እኛም ሕግ ነበረን። በአገራችን አደን ቀድሞ ያደማ ነው ገዳይ የሚባለው። ኋላ የጨረሰው ሰው ስም አያገኝም። ስለዚህ ስታድን ማን ምን እንደጣለ አንድ በአንድ ጻፍልኝ። ቆጠራ እወዳለሁ፤ የሥራ አመል ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ዓይኔ ከሐይቁ ዳር እልፍ ማለት አቅቶታል። የሩቅ የሚያሳይ መነጽር ብትልክልኝ ወፎቹን እንዳንተ አያቸው ነበር።

አጎትህ ሸዋንግዛው


ሎስ አንጀለስ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 2017

ለክቡር አጎቴ

እንኳን ለገና በሰላም ያደርስዎ፤ ዓመቱን የምሥራች ብቻ ያሰማዎ። መነጽሩን ወደ አገር ቤት በሚመጡት በእትዬ ፋናዬ እጅ ልኬያለሁ።

እንዳዘዙኝ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። የወጣነው ዲሴምበር 16 ነው፤ ሚስተር ዌስሊ፣ እኔና ካልቨር ሲቲ የሚኖር ቶማስ የሚባል የታክሲ ሹፌር ጓደኛዬ። ቶማስ ጠዋቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ሲተኩስ አንዲት ላባ እንኳ አላወረደም። ሽማግሌው ሦስት ጣለ፤ በሦስት ጥይት።

እኔ ጋ አንድ ጅራተ ሹል ወንድ መጣ። ጭንቅላቱ ቡናማ ነው፤ አንገቱ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። እግሮቹን ዘርግቶ ሊያርፍ ሲል ተኮስኩ። ሸምበቆ ውስጥ ወደቀ። ሚስተር ዌስሊ «ፈልገው» አለኝ። ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቼ አርባ ደቂቃ ፈለግሁት። ሳገኘው ገና ይሞቃል። ደረቴ ላይ አድርጌው ቆምኩ። ከስንት አገር በላይ በሮ የመጣ ፍጥረት እጄ ላይ ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ደስም አለኝ፤ አፈርኩም። ሁለቱ አብረው ሲመጡ እንዲህ ዓይነት ቀን አላየሁም።

ከዚያ አራት ቡናማ ዳክዬዎች ዝቅ ብለው መጡ፤ አንዷን አገኘኋት። ስንወጣ የተገደለው ሁሉ በአዳኙ ስም በሚመዘገብበት መቁጠሪያ ጣቢያ ላይ ሚስተር ዌስሊ ሦስት፣ እኔ አንድ፣ ቶማስ አንድ ተብሎ ተጻፈ። የእኔን ፓልምስ ሰፈር የምኖርበት ፎቅ ላይ ላሉት ቻይናዊት ባልቴት ሰጠኋቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ።

ሚስተር ዌስሊ በመመለሻው ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ያለፈው ሐሙስም ምግብ ቤት አልመጣም። ሳያመው አይቀርም።

ወንድይፍራው


ዝዋይ፣ ጥር 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድይፍራው

ጤና ይስጥህ፤ ልብም ይስጥህ። መነጽሩ ደርሶኛል፣ ተባረክ። ሐይቁን ከማየቴ በፊት ግን ደብዳቤህን አየሁበት።

ቶማስ አንዲት ላባ አላወረደም አልክ። ከዚያ ቶማስ አንድ ተብሎ ተጻፈለት አልክ። አንተ ጋ ሁለት ወደቁ፤ የተመዘገበልህ አንድ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። የቶማሷን ዳክዬ ማን ጣላት?

አልቆጣህም። በወረቀት መቆጣት ለጤናም ጥሩ አይደለም። ካልመለስክልኝ ሁለተኛ አልጠይቅህም፤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ እንጻጻፋለን። ለምን እንዲህ እንደምቆፍርህ አሁን አትጠይቀኝ።

ከእንግዲህ ምንም ዕቃ አትላክልኝ። እውነቱን ላክልኝ።

ሸዋንግዛው


ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 3 ቀን 2018

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቴ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ናዝራዊት ራሷ ድምፅዋን አውጥታ ታንብብ።

የጣልኳት እኔ ነኝ። ቡናማዋ ዳክዬ የጅራተ ሹሉ ሴት ነበረች። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ስለገባች ሌላ ዓይነት መሰለችኝ። ይህ ስህተት ነው፤ በማንም ይደርሳል። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሳነሳት ቶማስ አየኝ። «ሪላክስ በል ባክህ» አለኝ። «ለእኔ ስጠኝ። የእኔ ሊሚት እንደሆነ አልተነካም። ኢንተርቪው አለብህ እኮ፤ የቅጣት ቲኬት ይዘህ ልትገባ ነው? ኦኬ? ማንም አላየም።» ሰጠሁት። ጣቢያው ላይ «ያንተ ናት?» ሲሉት «አዎ» አለ። ሚስተር ዌስሊ ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ያደረገው ክር የሌለው የጎማ ቦት ነበር።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ፌብሩዋሪ 19 ነው። የዜግነት ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ተይዘህ ባታውቅም እንኳ የፈጸምከው ጥፋት አለ ወይ ይላል። ከአደኑ በፊት «የለም» ብዬ ሞልቼው ነበር። አሁን እጄን አንስቼ ምዬ ልደግመው ነው። ሦስት ቀን ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ያንን መስመር አነበብኩ። ቶማስን ሳማክረው «ዳክዬ እኮ ናት! ሰው አልገደልክ!» ብሎ ጮኸብኝ።

በርባንክ ሚስተር ዌስሊ ቤት ሄድኩና ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። «ቶማስ ምንም እንዳልመታ አይቻለሁ። አንተ እስክትመጣ ነበር የምጠብቀው። ባትመጣ ኖሮ አንድም ቀን አላነሳብህም ነበር።» ከዚያ ስልኩን አቀበለኝ። ለዱር እንስሳት ጠባቂዋ ደውዬ ሁሉንም ተናገርኩ። የቶማስን ስም ስትጠይቀኝ «የመጣሁት የራሴን ልናገር ነው» አልኳት፤ አልጨቀጨቀችኝም። «ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ራሱን የጠቆመ ሰው የመጀመሪያዬ ነህ» አለችኝ። አመሰገነችኝና ከሰሰችኝ። ጋሼ፣ ሳቄ መጣ። ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው? አመስግኖ የሚከስ ሰው አይተው ያውቃሉ?

ቃለ መጠይቁም ላይ ተናገርኩ። መኮንኑ ብዕሩን አስቀመጠና «ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን መዝጋቱን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ፤ እስከዚያ ይቆያል» አለኝ። ቀጠሮዬ ኤፕሪል 24 ነው።

ናዝራዊት ልጄ፣ ይህን ያደረግሁት በአንቺ ዕድል ላይ ነው። ከልደትሽ በፊት ላይደርስ ይችላል። እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ብትጠዪኝ መብትሽ ነው።

ወንድይፍራው


ዝዋይ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንድይፍራው

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ፤ ጌታ የጀመርክልንን ነገር ያስፈጽምህ። መልሴ የዘገየው ፋሲካ እስኪያልፍ ስለጠበቅሁ ነው።

በ1961 ዓ.ም. እኔና ጓደኛዬ ወርቁ ኦሞ በረሃ ጎሽ አደን ወረድን። ወርቁ ቀድሞ ተኮሰ። ጎሹ ደም እየጣለ ሣሩ ውስጥ ገባ። ወርቁ ባንድ ወገን ሲዞር እኔ ደሙን ተከትዬ ደረስኩበት፤ መቆም አቅቶት ነበር። ጨረስኩትና ጅራቱን ቆረጥኩ። ሰዎች ሲደርሱ «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ሌላ ጥይት አላገኘውም» አልኩ። ወርቁ ፊቴን አየኝና ዝም አለ። ፀጉሬን ቅቤ ተቀባሁ፤ ተዘፈነልኝ። የዱር አራዊት ጠባቂ ሆኜ የተቀጠርኩት «ገዳይ ነው» ተብሎ ነው። ሕግ አስከባሪ የሆንኩት በሌላ ሰው ግዳይ ነው። ያቺን የቶማስን ዳክዬ ገና ሳያት ያወቅኋት ለዚህ ነው።

ደብዳቤህን ናዝራዊት ስታነብልኝ ጨርሳ ቀና አለችና አየችኝ። ፊቴን አዞርኩ። ዳክዬ እኮ ናት፣ የሚል ሰው አንተ ጎን ቆሞ እያለ፣ የልጅህ ዕድል እጅህ ላይ እያለ ተናገርክ። እኔ ሥራም ጡረታም ካገኘሁ በኋላ እንኳ አርባ ዘጠኝ ዓመት አልተናገርኩም።

ትናንት፣ የፋሲካ ማግስት፣ ናዝራዊትን ይዤ መቂ ወርቁ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ የሺሃረግ፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ ሁሉ ነበሩ። ቆሜ ነገርኳቸው። ቀድሞ ያደማው ወርቁ ነው፤ ጎሹ የወርቁ ነው፤ ሌባው እኔ ነኝ አልኩ። ወርቁ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ካልጋው ከወረደ ሰንብቷል ብለውኝ ነበር። የልጅ ልጁን ትከሻ ይዞ ተነሳ። ሊያባርረኝ መስሎኝ በሩን አየሁ።

ፎከረ።

ወንድይፍራው፣ ፎከረ ስልህ! በረሃውን፣ ጠመንጃውን፣ የጎሹን መልክ፣ የተኮሰበትን ዛፍ ሥር ሁሉ እየጠራ። አርባ ዘጠኝ ዓመት አፉን ዘግቶ የያዘው ፉከራ አንድ ቃል ሳይጎድል ወጣ። ድምፁ የጎልማሳ ነበር። የሺሃረግ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም «ገዳይ!» እያልኩ ተቀበልኩት። ሰው ይህን ያህል ዘመን እውነት ይዞ ዝም ማለት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሲጨርስ እንባውን ጠረገና «ተቀመጥ እንጂ፤ ምሳ ደርሷል» አለኝ።

ሸዋንግዛው


ሎስ አንጀለስ፣ ጁን 4 ቀን 2018

ለጋሼ ሸዋንግዛውና ለልጄ ለናዝራዊት

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይለይ። የጋሼ ወርቁን ነገር መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ደንበኛ ጡሩምባ እየነፋብኝ አልሰማሁም።

የመጣውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ፍርድ ቤቱ ቀጥቶ ለቀቀኝ፤ የመዝጊያው ወረቀት ግን እጄ የገባው ሜይ 14 ነው። በዚያው ቀን ወሰድኩላቸው። ቃለ መሐላ የፈጸምኩት ሜይ 31 ነው። ናዝራዊት ሃያ አንድ የሞላት ሜይ 19 ነው። በአሥራ ሁለት ቀን አመለጠን። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሺህ ሰው ባንዲራ ሲያውለበልብ እኔ ጣቶቼን እየቆጠርኩ ነበር። ያማከርኩት ጠበቃ «አሁን የአዋቂ ልጆች ሰልፍ ላይ ናት፤ ምናልባት ሰባት ዓመት» አለኝ።

ሚስተር ዌስሊ ከመሐላው ማግስት ያለ ጠመንጃ ረግረጉ ወሰደኝ። ያ ሁሉ ወፍ ወደ ሰሜን ሄዷል። ውሃው ባዶ መስሎኝ ነበር፤ ከደንገሉ ውስጥ አንዲት ዳክዬ አሥራ አንድ ጫጩት አስከትላ ወጣች። ከፊታችን ሳትቸኩል አለፈች። ሽማግሌው ክንዴን ያዘኝ።

ቶማስ ታርቆኛል። ታርቆኝም ምክር ሰጠኝ፤ «ሊስን፣ ኢዚ ነው። ከአገር ቤት አዲስ የልደት ሰርተፊኬት ይላክ። አንድ ዓመት ዝቅ ይደረግ። የመጀመሪያው የጽሕፈት ስህተት ነው ትላለህ፣ ሶ ልጅቷ ገና ሃያ ናት። ስንቱ አድርጎታል!» እውነቱን ነው፤ ስንቱ አድርጎታል። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። ልጄን ካየኋት አሥር ዓመት አልፎኛል። አድርጉ አልላችሁም። አታድርጉ የሚል ደብዳቤም ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ።

ወንድይፍራው


ዝዋይ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአባዬ

እንደምን ከረምክ? ጋሼ ደህና ነው፤ ዛሬ አንቺ ብቻ ጻፊ ብሎኝ ደጅ ወጥቷል። ሰላም በይልኝ ብሏል።

አባዬ፣ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ተናድጄብሃለሁ፤ አልዋሽህም። የማርቹን ደብዳቤህን ሳነብ ኮርቼ ነበር፤ የአሥራ ሁለቷን ቀን ሳነብ ግን ምነው ዝም ባልክ አልኩ። ዳክዬዋንም፣ ሽማግሌውንም፣ ጋሼንም ረገምኩ። ጓደኞቼ ሁሉ መንገዱን ያውቁታል። ከአንድ ሰው ጋር አገናኙኝ። ሳምንት ሳይሞላ የልደት ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ስሜ አለ፣ ስምህ አለ፣ ማህተሙ እውነተኛ ነው። ዘመኑ ብቻ 1990 ይላል።

አንድ ቀን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ይዤው ተቀመጥኩ። ጋሼ አይቶኛል፤ በሩን መልሶ ዘግቶልኝ ሄደ። እኔም የማስበው ስለ ሕግ አልነበረም። ስለ እማዬ ነበር። ያረፈችው በ1992 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው፤ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ከእሷ ጋር ያለኝ ዕድሜ ያ ብቻ ነው። በዚህ ወረቀት ግን ሁለት ዓመት ይሆናል። ያቀፈችኝን አንድ ዓመት ሰጥቼ ነው አንተ ጋ የምመጣው። ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ ቆጠርኩት፤ በየት በኩል ብቆጥረው ሁለት ነው።

ወረቀቱን ለሰውየው መለስኩለት። ሰልፉ ላይ አስመዝግበኝ፤ ሰባት ዓመትም ቢሆን። ሲሞሉ እንዳይሳሳቱ ቀኑን አጣርተህ ጻፍላቸው፤ እማዬ እኔን የወለደችው ግንቦት 11 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው።

ልጅህ ናዝራዊት